ዋልያዎቹ ለምን ይቸገራሉ? በምርጫም በታዳጊም የምንደጋግማቸው ስህተቶች

የብሔራዊ ቡድን ጥሪ በወጣ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። «እገሌ ለምን ቀረ? ያኛውስ ምን አድርጎ ተጠራ?» ሁለት ሦስት ቀን እንጯጯሃለን፣ ጨዋታው ይደርሳል፣ እንሸነፋለን፣ አሰልጣኙ ይሰደባል። ዝርዝሩ ላይ የሚወጡት ስሞች ግን ከዓመታት በፊት የተሠራ፣ ወይም ሳይሠራ የቀረ ሥራ ውጤት ናቸው። አሰልጣኝ የሚመርጠው ካለው ላይ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን ከላይ ጀምረን ወደ ታች እንውረድ። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አሰልጣኝ መቀየርን መፍትሔ ማድረግ

በ2005 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰን ሰውነት ቢሻው ነው። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫም እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ደርሰን ናይጄሪያ አስቀረችን። ከዚያስ? ሰውነት ተሰናበተ። ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ ተከታትለው መጡ፣ በአራት ዓመት ገደማ አራት ሰው። አዲስ አሰልጣኝ የሚያውቃቸውን ልጆች ይጠራል፣ የራሱን አጨዋወት ያመጣል፣ ልጆቹ ሊገባቸው ሲል ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ማን ይሻላል የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ማንም ይምጣ ማን ከቀድሞው የሚረከበው ፋይል አለመኖሩ ነው፤ ማን እንደታየ፣ ማን እንደተሞከረ፣ ማን ለምን እንደተተወ የሚል።

ኳስ ሲይዝ ስላማረ ብቻ መጥራት

እኛ ኳስ የሚያቀባብል ልጅ እንወዳለን፣ እኔም እወዳለሁ። ግን በ2014 ያውንዴ ላይ ከካሜሩን ጋር የሆነውን አስታውሱ። ዳዋ ሆጤሳ ገና በመጀመሪያ ደቂቃዎች አገባ፣ እኛም ቤታችን ውስጥ ጮህን። እስከ እረፍት 1 ለ 1 ነበርን። ከእረፍት መልስ ሦስት ገባብን፣ 4 ለ 1 አለቀ። ኳስ መያዝ ጠፍቶን አልነበረም። ሩጫው፣ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋቱ፣ የአየር ላይ ኳሱ ነው የበላን፣ ይሄ ደግሞ ሆቴል ገብቶ በሚደረግ የአንድ ወር ዝግጅት የሚሞላ ነገር አይደለም። ከ14 ዓመት ጀምሮ የሚገነባ ነው።

ችሎታ የለንም የሚለውን ግን አልቀበልም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ረትተናል። ያውም «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን።

ዕድሜ መቀነስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው።

የታዳጊ አሰልጣኝ የሚመዘነው በዋንጫ ከሆነ ትልልቅ ልጆችን ያሰልፋል። ቀላል ነው። 20 ዓመት የሞላው ልጅ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ቢገባ ሁሉንም ገፍቶ ያልፋል፣ ዋንጫም ያመጣል። እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ፣ ቀጭኑ፣ ኳስ የሚያውቀው፣ አንድ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰለቸውና ይተወዋል። ወላጆቹም «ትምህርትህን ተማር» ይሉታል፣ ልክ ናቸው። በዚህ መንገድ ያጣነውን ልጅ ማንም አይቆጥረውም፣ ምክንያቱም ስሙ የትም አልተመዘገበም።

ዕድሜውን የቀነሰውም ቢሆን አይጠቀምም። በወረቀት 23 ሲሆን እግሩ 27 ነው። «ወጣት ተስፋ» እያልን ስንጠብቀው ማደጉን ጨርሷል። ውጭ አገር ሄዶ የሙከራ ዕድል ቢያገኝም የአካል ብቃቱ ሲታይ ይታወቅበታል። ፊፋም ካፍም ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያያሉ፣ ልጅ እያደገ እያለ ክፍት የሆነው የአጥንት ማደጊያ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፣ ምንም ደብዳቤ አያድንም። ያን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀው ቡድን ፈርሶ በጥድፊያ ሌላ ይለቀማል።

ለነገሩ ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ያኔ የተመዘገበ ሕፃን ለታዳጊ ቡድን ገና አሁን ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ቢያንስ ከዚህ በኋላ ምክንያት የለንም። ልጁ የታዳጊ ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ሲገባ የልደት ሰርተፊኬት ይጠየቅ፣ ፎቶና ቁመቱ በየዓመቱ ይመዝገብ፣ አሰልጣኙም ስንት ዋንጫ አመጣህ ሳይሆን ስንት ልጅ አሳደግህ ተብሎ ይጠየቅ።

ውድድር ሲመጣ ሰብስቦ፣ ሲያልቅ መበተን

በ1993 የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫን አዘጋጅተን ለአርጀንቲናው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አለፍን። ከኔዘርላንድስ፣ ከኢኳዶርና ከኮስታሪካ ጋር ተደልድለን ሦስቱንም ተሸነፍን። ችግር የለውም፣ እዚያ መድረስ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዋናው ቡድን አፍሪካ ዋንጫን ለማየት ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ጠብቋል። ከስር ሌላ የሚከተል ቡድን ከሌለ አንድ ጥሩ ትውልድ ብቻውን የትም አያደርስም።

ልጅ የሚያድገው በጨዋታ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ኮን እየዞረ የሚሠለጥን፣ ዓመቱን ሙሉ ግን እፍኝ የማትሞላ የነጥብ ጨዋታ የሚያደርግ የፕሮጀክት ልጅ ውሳኔ መስጠት ከየት ይማራል? ድሮ ይሄን ጉድለት የሰፈር ሜዳ ይሞላው ነበር፤ አሁን ሜዳው ላይ ፎቅ ቆሟል።

ክለቦች የሚገዙትን እንጂ የሚያሳድጉትን አለመቁጠር

አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። አለቃው የሚፈልገው ዘንድሮ አለመውረድን ነው። ስለዚህ ብሩ ለፊርማ ይወጣል፣ ያው ተጫዋቾች በየክረምቱ ከክለብ ክለብ ይዞራሉ፣ የተስፋ ቡድኑ (የክለቡ የወጣቶች ቡድን) ልጅ ደግሞ ማሊያ ለብሶ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ከ2013 ወዲህ ሊጉ ለቴሌቪዥን ሲባል በተወሰኑ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄዱ ለመራጩ ተመችቶታል፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉንም ያያል። ግን ጨዋታ የማይደርስበት ከተማ ያለ ታዳጊ የራሱን ክለብ በአካል አያይም፣ መራጩም እሱን አያየውም።

በረኛ ላይ ጉዳቱ ይበልጥ ይታያል። ክለቦች ለዓመታት ከውጭ አመጡ። ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ቅዱስ ጊዮርጊስን በደንብ አገልግሏል፣ ጎበዝ ነበር፣ ክለቡም የሚበጀውን አደረገ። ነገር ግን በረኛ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ብዙ ክለብ እንዲህ ሲያደርግ ለብሔራዊ ቡድን የሚጠራው ልጅ በሊጉ ተቀያሪ የሆነ ይሆናል።

ውጭ ያደጉ ልጆችን ዘግይቶ ማስታወስ

አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ በ2004 አውሮፓ ዋንጫ ላይ ለቼክ ሲጫወት አየነው። የእኛ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፣ ለብሔራዊ ቡድን ለመጫወት ደግሞ ዜግነት ግድ ነው። ልጁ ስሙ ከገነነ በኋላ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው። በ16 ዓመቱ ቤተሰቡን ማነጋገር ይሻላል፣ እምቢ ቢልም ቶሎ ይታወቃል።

ወረቀት መናቅ

በ2005 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ስለነበር ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 አድርጎ ለቦትስዋና ሰጠ። ምድቡን ያለፍነው ከዚያ በኋላ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፈን ነው። ይሄን ለማስቀረት አካዳሚም በጀትም አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰው ካርድ መቁጠር ነበረበት።