የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የተናገረውን እንዴት ፈልገን እናነባለን?

«እንትና ፓርላማ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ እንዲህ አለ» የሚል ወሬ በየጊዜው ይመጣል። እውነት ብሏል? ማጣራት ቀላል ነው። በለንደኑ ሃውስ ኦፍ ኮመንስ፣ ማለትም ሕዝብ በመረጣቸው እንደራሴዎች ምክር ቤት፣ የሚነገረው ሃንሳርድ በሚባል ቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያነበዋል።

መጀመሪያ የሃንሳርድን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የአባሉን ስም ፈልጉ። እንግሊዝ የምትኖሩና ተወካያችሁን የማታውቁ ከሆነ፣ ፓርላማው ድረ ገጽ ላይ የፖስታ ኮዳችሁን አስገቡ። አባላቱ 650 ናቸው። ስም እንዳይምታታባችሁ የምርጫ ክልሉንም እዩ።

ከዚያ ዘመኑንና ርዕሱን አጥብቡ። በኤሊኖር ራትቦን እንሞክረው። እኚህ ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1929 እስከ 1946 በግል የተመረጡ እንደራሴ ነበሩ። ጣሊያን ስትወረን ለኢትዮጵያ አጥብቀው ተሟግተዋል። ስማቸውን አስገብታችሁ 1935 እና 1936ን ምረጡ። መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ «አቢሲኒያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያኔ አገራችንን በብዛት የሚጠሯት እንደዚያ ነበር። በዚያው ዲሴምበር 19 ቀን 1935ን ክፈቱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ሆነው ሰፊ የኢትዮጵያን መሬት ለጣሊያን ለመስጠት ባወጡት ዕቅድ ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ። በዚያ ቀን ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ራሳቸውን ሲከላከሉ ታነባላችሁ። ይህን ማንበብ ለማንኛችንም የሚገባ ነው፤ የኛም ታሪክ ነውና።

ንግግሩን ስታገኙ ብቻውን አታንብቡት። ወደ ላይ ውጡና ምን ተጠይቆ እንደተነገረ እዩ፤ ወደ ታች ውረዱና ምን መልስ እንደተሰጠው አንብቡ። ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሚኒስትር ሲናገር የመንግሥትን አቋም ነው የሚናገረው።

የንግግሩን ብዛት ቆጥራችሁም አትፍረዱ። በሌላው ንግግር መሃል የገባች አንዲት ዓረፍተ ነገርም ትመዘገባለች። «ዊፕ» የሚባሉት የመንግሥት ተጠሪዎች፣ ማለትም የፓርቲያቸውን አባላት ለድምፅ የሚያስተባብሩት፣ ደግሞ በልማድ ክርክር ላይ ዝም ይላሉ። አፈ ጉባኤው ስብሰባውን ይመራል እንጂ አይከራከርም። በጽሑፍ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ለብቻቸው ስለሚቀመጡ እነሱንም ፈልጉ፤ ብዙ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው።

ሃንሳርድ ድግግሞሽን ያስቀራል፤ ግልጽ የአፍ ወለምታንም ያርማል። ቃል በቃል መስማት ከፈለጋችሁ የፓርላማውን ቪዲዮ እዩ።

ንግግሩን ከድምፅ አሰጣጡ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ለስደተኞች ተቆርቁሮ የተናገረ ሰው ድምፅ ሲሰጥ የት ቆመ? «ዴይ ወርክ ፎር ዩ» የተባለው ድረ ገጽ ሁለቱን አንድ ላይ ያሳያል። የአባሉን ስም ወይም «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ብታስመዘግቡ፣ በተነሳ ቁጥር ኢሜይል ይልክላችኋል።

ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ስታጋሩ ቀኑን፣ የሃንሳርዱን የዓምድ ቁጥርና ሊንኩን አብራችሁ አስቀምጡ።