አምባዛ ሲቀልቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ አካባቢ በጓሮ ኩሬ አምባዛ የሚያረባ ሰው «ምን ላብላው?» ብሎ ይጠይቃል። «መቼና ስንት ጊዜ?» የሚለውን ግን ብዙዎች ይረሱታል። ዓሣው ሥጋ ይያዝ ወይም ሞራ፣ የአመጋገብ ሥርዓቱ ትልቅ ድርሻ አለው።

እስኪተው ድረስ ማብላት

አምባዛ ሆዳም ነው። የበላው ሁሉ ግን ሥጋ አይሆንም። ከዕድገቱ የተረፈው ጉልበት ወደ ስብ ይቀየራል፤ ብዙው ስብ ደግሞ ሆድ ዕቃው ዙሪያ ይቀመጣል። መኖው በቆሎና ፍሩሽካ በዝቶበት ፕሮቲን ካነሰው ይብሳል። ዓሣው ሚዛን ላይ ጥሩ ኪሎ ያወጣል። ሆዱ ሲከፈት ግን ሞራው ተለይቶ ይጣላል። ገዢው ገንዘብ የከፈለበት ነገር ሲጣል ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ በኪሎው ብቻ አይሸወዱ። አልፎ አልፎ አንዱን አውጥተው ሆዱን ይክፈቱና ይዩ። ሞራው ከበዛ ድርሻውን ይቀንሱ።

አስርቦ ማጥገብ

ቡና ለቀማ ሲደርስ ኩሬው ይረሳል። የሁዳዴ ገበያ ሲቃረብ ደግሞ መኖው በላይ በላዩ ይደፋል። ዓሣው ሲራብ መጀመሪያ ያጠራቀመውን ስብ ይጨርሳል። ስቡ በቀነሰ ቁጥር በሰውነቱ ውስጥ የውሃው ድርሻ ከፍ ይላል። ረሃቡ ከረዘመ ሥጋውን ራሱን መብላት ይጀምራል። መልሶ ሲቀለብ ክብደቱ ቶሎ ይመለሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚታየው ክብደት ግን ከፊሉ አንጀቱ ውስጥ ያለ መኖ ነው። አንድ ቀን መዝለል አይጎዳውም። ውሃው ሲበላሽ እንዲያውም መዝለል ይሻላል። የሚጎዳው ሳምንታት ሲቆጠሩ ነው።

የቀኑን መኖ አንዴ መድፋት

ጉልበተኞቹ ይጠግባሉ፣ ደካሞቹ ይቀጭጫሉ። የመጠን ልዩነቱ ሲሰፋ ትልልቆቹ ትንንሾቹን መብላት ይጀምራሉ። የተረፈው መኖም ኩሬው ሥር ይበሰብሳል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይከፋፍሉት። አምባዛ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ዓሣ ስለሆነ አንዱ ድርሻ አመሻሽ ላይ ይሁን።

ክረምትን መርሳት

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አምባዛ ደህና አድርጎ የሚያድገው ግን ውሃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ሲቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ የበጋውን መጠን መስጠት ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ሳይመዝኑ መቀለብ

እያንዳንዳቸው 200 ግራም የሚመዝኑ 100 ዓሣዎች በድምሩ 20 ኪሎ ናቸው። በክብደታቸው 3 በመቶ ስሌት ለቀን 600 ግራም መኖ ይደርሳቸዋል። 400 ግራም ሲሞሉ ያው 600 ግራም 1.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂቶቹን አውጥተው ይመዝኑና ሒሳቡን ያስተካክሉ።

ከመሸጥ በፊት አንድ ቀን መኖ ማቆም ጥሩ ነው፤ አንጀቱ ይጸዳል። ሞራውን ግን አያጠፋም። ሞራ የበዛበት ኩሬ ካለዎት ድርሻውን መቀነስ ያለብዎት ገበያው ሳምንታት ሲቀሩት ነው።