«ስደተኛ ሲበዛ ዌልፌር ይሞታል» ሲሏችሁ እንዴት ታጣሩታላችሁ

ዌልፌር የሚሉት መንግስት ለጡረተኛ፣ ለስራ አጥና ለተቸገረ የሚሰጠውን ድጎማ ነው። እንዲህ የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ ስለ የቱ አይነት አገር ነው የምታወራው በሉት። ብዙ ዘር ለዘመናት አብሮ የኖረበት አገርና በቅርብ ስደተኛ የገባበት አገር ለየቅል ናቸው፣ ሰው ግን ሁለቱን ጨፍልቆ ነው የሚያወራው።

ከዛ አሜሪካን ያመጣላችኋል፣ አይቀርም። አሌሲናና ግሌዘር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2004 (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ከአውሮፓ ያነሰ ድጎማ የምትሰጥበትን ምክንያት ግማሽ ያህሉን ከዘር ልዩነት ጋር አያይዘውታል። ባዶ ወሬ አይደለም፣ የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታና የስራ አጥ ክፍያ) ህግ ራሱ የእርሻና የቤት ሰራተኞችን አስቀርቶ ነበር፣ በደቡብ ደግሞ እነዛን ስራዎች በብዛት የሚሰሩት ጥቁሮች ነበሩ። ግን ያ ከባርነትና ከመድልዎ የመጣ ጣጣ ነው፣ ትናንት ኤርፖርት በደረሰ ሰው አይመካኝም።

ሁለት አገር ብቻ አስቀምጦ ማወዳደርም አያዋጣም። ስዊድን ከ5 ሰው 1 ያህሉ ውጭ የተወለደ ነው፣ ድጎማዋ ግን አሁንም ከትልልቆቹ ነው፤ ደቡብ ኮሪያ ስደተኛዋ ጥቂት ሆኖ ለማህበራዊ ጉዳይ የምታወጣው ከኦኢሲዲ (በአብዛኛው የሀብታም አገሮች ማህበር) አማካይ በታች ነው። አንዱን አገር ይዛችሁ በየአመቱ ምን እንደተቀየረ ብታዩ ይሻላል።

ድጎማውን በጂዲፒ (የአገሪቱ አመታዊ ምርት) ፐርሰንት መለካትም ያሸውዳል። አዛውንት ሲበዛ ጡረታው፣ ስራ አጥ ሲበዛ ክፍያው ይጨምራል እንጂ መንግስት ደግ ስለሆነ አይደለም፣ ስለዚህ ስራ ያጣ ሰው ከደመወዙ ስንት እጁን ለስንት ወር ያገኛል የሚለውን ፈልጉ።

እኔ ግን ከሁሉም በፊት የማየው ማን ከድጎማ ተቀባዮች መዝገብ ወጣ የሚለውን ነው፣ ምክንያቱም ጠቅላላው ወጪ ሳይነካ አዲስ መጤው ብቻ ሊቆረጥ ይችላል። አሜሪካ በ1996 በህጋዊ መንገድ የገቡትን አብዛኞቹን ስደተኞች ለመጀመሪያ 5 አመት ከብዙ የፌዴራል ድጎማ አገደች፣ ዴንማርክ በ2002 ለአዲስ መጤዎች ዝቅ ያለ ክፍያ አመጣች፣ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ብቻ ያፈጠጠ ሰው ይሄ አይታየውም። የህዝብ አስተያየት ሰርቬይ ሲያመጡላችሁም ሰው የስደተኛውን ቁጥር ከእውነተኛው በጣም አብዝቶ እንደሚገምት አትርሱ፣ የሚቃወመው በጭንቅላቱ ያለውን ቁጥር ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥናት ልኮ «በቃ ተረጋገጠ» ካለ ደግሞ ይሄን ንገሩት፦ 73 የተመራማሪ ቡድኖች አንድ አይነት ዳታ ተሰጥቷቸው ኢሚግሬሽን የህዝቡን የዌልፌር ድጋፍ ይቀንሳል ወይ ተብለው ሲጠየቁ (ውጤቱ በ2022 ወጣ) ካወጡት ስሌት ከግማሽ በላዩ ምንም ግልጽ ነገር አላሳየም፣ ከቀረው አንዳንዱ ይቀንሳል አንዳንዱ ይጨምራል አለ። ስለዚህ የላከላችሁ ጥናት የትኞቹን አገሮችና አመታት እንደመረጠ፣ ምን ምን ከስሌቱ እንዳስወጣ ገብታችሁ እዩ።