ሽንት ቤት በቁር አገር፦ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ጉድጓድ ሽንት ቤት እኛ አገር ሲሞላ ተደላድሎ፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ነው። በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ዳርቻ ባሉት የድንኳን ሰፈሮች፣ ጥር ላይ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲገባ የወደቀው ሳይደላደል እዚያው በወደቀበት ድንጋይ ይሆናል። በላዩ ሌላ ይጨመርበታል፣ እሱም ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ እንደ ኩይሳ ሹል ሆኖ ወደ ቀዳዳው ያድጋል። ጉድጓዱ ዙሪያውን ባዶ ሆኖ ሳለ ኩይሳው ወለሉ ጋ ይደርሳል። ያኔ ከቤተሰቡ አንዱ ድጅኖ ይዞ ይወጣና ጫፉን ሰብሮ ይገባል።

ስለ ሽንት ቤት አሠራር የምናውቀው አብዛኛው ነገር የሞቃት አገር እውቀት ነው። ሙቀት ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው፦ ያበሰብሳል፣ ያደርቃል፣ ፍሳሹን ወደ አፈር ያሰርጋል። ቁር አገር ላይ ይህ ሠራተኛ በዓመት ሰባትና ስምንት ወር ፈቃድ ይወጣል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ፈቃድ ከመርሳት የመጡ ናቸው። (እዚህ ክረምት ስል የብርዱን ወቅት፣ በጋ ስል ሞቃቱን ወቅት ነው።)

«ይበሰብሳል» ብሎ መቁጠር

የጉድጓድ መጠን ሲሰላ ሰገራ በመበስበስና ውሃው በመስረግ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታስቦ ነው። በረዶ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ምንም አይቀንስም፤ የገባው ሁሉ እስከ ፀደይ እንዳለ ይቆያል። ሴፕቲክ ታንክም (ፍሳሽ ተጠራቅሞ የሚብላላበት የተቀበረ ታንክ) ቢሆን ውስጡ ወደ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሲወርድ ሥራው ከሞላ ጎደል ይቆማል፣ ማጠራቀሚያ ሆኖ ይቀራል። ኮምፖስት ሽንት ቤት ደግሞ በራሱ ሙቀት ጀርም እስኪገድል መጋል አለበት፤ ከቤት ውጭ በበረዶ መሃል የተተከለ ሳጥን እዚያ ደረጃ አይደርስም። ኮምፖስት የሚፈልግ ሰው ሳጥኑን ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ያስገባው፣ ያለዚያ «ይህ ዕቃ በክረምት ያጠራቅማል እንጂ አያበስልም» ብሎ ይቀበል።

መፍትሔው ሙሉውን የብርድ ወቅት እንደ ማጠራቀሚያ ጊዜ መቁጠር ነው። በካናዳ ሰሜን በኑናቩት ይህን በትልቁ ይሠሩታል። እያንዳንዱ ቤት የፍሳሽ ታንክ አለው፤ ቦቴ እየዞረ ይመጥና ከመንደሩ ውጭ ወዳለ ሰው ሠራሽ ኩሬ ይወስደዋል። ኩሬው ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል፣ ማጣራቱ አጭሯ በጋ ስትመጣ ይጀመራል፣ ከዚያ በዓመት አንዴ በበጋው ማብቂያ ይለቀቃል። ኩሬው የዓመት ፍሳሽ እንዲይዝ ካልተሠራ በየካቲት ሞልቶ ይፈሳል፤ በየካቲት ደግሞ የሚቆፍር የለም።

ብርድ ጀርም ይገድላል ብሎ ማመን

በአብዛኛው አይገድልም፣ ያቆያል። ላቦራቶሪዎች ባክቴሪያና ቫይረስ ለዓመታት ማቆየት ሲፈልጉ የሚያስገቡት ፍሪዘር ውስጥ ነው። የወስፋት እንቁላልም ብርድ ቻይ ነው። በጥር እንደ ድንጋይ የደረቀው፣ ሽታ የሌለው፣ ንጹሕ የሚመስለው ቆሻሻ በረዶው ሲቀልጥ ከነሕይወቱ ይነሣል። የክረምቱ ሁሉ ክምችት በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቀቃል። የቀለጠው ውሃም ገና ወዳልቀለጠው መሬት መስረግ ስለማይችል ላይ ለላይ ይሄዳል፤ ልጆች የሚጫወቱበት ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ የሽንት ቤቱ አፍና ዙሪያው ከመሬት ከፍ ብሎ የበረዶ ውሃ እንዳይገባበት መደረጉ የፀደይ ጉዳይ ቢመስልም የሚሠራው ግን ከክረምት በፊት ነው።

መሬቱን እንደ መሬት ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነውና።

ውሃ በረዶ ሲሆን በመጠን 9 በመቶ ያህል ያብጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ቧንቧ የሚፈነዳውም በዚሁ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መሬቱ ራሱ እንደሚያብጥ ነው። ደቃቅ አፈር ውስጥ ያለ ውሃ ከታች ወደ ላይ ወደ በረዶው እየተሳበ በአፈሩ መሃል የበረዶ ንጣፍ ይሠራል። ንጣፉ ሲወፍር በላዩ ያለውን ሁሉ ያነሣል፦ የሽንት ቤት ወለል፣ ምሰሶ፣ የታንክ ክዳን። በፀደይ ሲቀልጥ ደግሞ የተነሣው ተመልሶ ይቀመጣል፣ ግን በነበረበት ቦታ አይደለም። ሦስት ክረምት ያየ በር አልዘጋ የሚለው ለዚህ ነው። ውሃ የማይዝ ጠጠር ከወለሉ ሥር መሙላት ርካሹ መከላከያ ነው።

በኡላንባታር አካባቢ ውርጩ ወደ መሬት 3 ሜትር ገደማ፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ ይገባል። ቧንቧ ከዚያ በታች መቀበር አለበት ማለት ነው፤ የድንኳን ሰፈሮቹ ፍሳሽ መስመር ያልዘለቃቸው አንዱ ምክንያት የዚህ ቁፋሮ ዋጋ ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ይህን ተምሮ ወደ አላስካ ሰሜን ወይም ወደ ሳይቤሪያ ቢሄድና «በጥልቀት እንቅበረው» ቢል በተቃራኒው ይሳሳታል። እዚያ መሬቱ ከበጋ እስከ በጋ በረዶ ነው፤ የሚቀልጠው ላዩ ብቻ ነው። ሞቅ ያለ ፍሳሽ የሚያልፍበት ቧንቧ ሲቀበር የተኛበትን በረዶ ራሱ ያቀልጠዋል፣ ይሰምጣል፣ ተዳፋቱ ይጠፋል፣ ፍሳሹ ይቆማል፣ የቆመው ደግሞ ወደ በረዶነት ይለወጣል። ለዚህ ነው በሩሲያዋ ያኩትስክ ቧንቧዎች ከመሬት በላይ ተዘርግተው የሚታዩት፤ መንገድ ላይ ሲደርሱ እንደ በር ቅስት ሽቅብ ወጥተው ይሻገራሉ። በካናዳዋ ኢኑቪክ ደግሞ የውሃውም የፍሳሹም ቧንቧ አንድ ላይ ተሸፋፍነው ከመሬት ከፍ ባለ ረጅም ሣጥን ውስጥ ይሄዳሉ። ሰፈሩን አይቶ «ምነው እንዲህ አስቀያሚ አደረጉት» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ውበት ሳያምራቸው ቀርቶ አይደለም።

የመጠጥ ውሃውም ቆሞ አያድርም። በአላስካ መንደሮች ዋናው መስመር ክብ ይሠራል፤ ውሃው በትንሹ ይሞቅና ማንም ባይቀዳውም ቀን ከሌት እንዲዞር በፓምፕ ይገፋል።

ክር ታህል ውሃ

አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ በገባሁ በመጀመሪያው ዊንተር (ያኔ ክረምት ማለት ይከብደኝ ነበር፤ ክረምት ሲባል የሚታየኝ ዝናብ ነው) ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ የጎንደር ሰው ማታ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ዛሬ ቧንቧውን ጨርሰህ እንዳትዘጋው። ክር ታህል ይውረድ። የሲንኩን ቁም ሣጥንም ክፈተው፣ ሙቀት ይግባበት» አሉኝ። እኔ ውሃ በወረፋ በሮቶ ከምንጠብቅበት ከተማ ነው የመጣሁት። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲንጠባጠብ መስማት ኃጢአት መሰለኝ። ጋሼ ግን ልክ ነበሩ። የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይጋገርም፤ የጎረቤት ቤት ቧንቧ በዚያው ሳምንት ፈነዳ።

ስህተቱ የሚመጣው ይህችኑ ምክር ለፍሳሽ ቧንቧ ሲያውሏት ነው። ወደ ቤት የሚገባውን ቧንቧ የምታድነው ክር፣ ከቤት የሚወጣውን ትገድለዋለች። በቀዝቃዛ የፍሳሽ ቧንቧ ወለል ላይ ቀጭን ውሃ ቀስ ብሎ ሲሄድ መንገድ ላይ ይቀራል። እንደ ሻማ ቅላጭ ድርብርብ እየሠራ ቧንቧውን ይዘጋዋል። የሚያፈስ የሽንት ቤት የውሃ ሳጥን ለዚህ ዋነኛው ተጠያቂ ነው፤ ሌሊቱን ሲንሾካሾክ ያድርና ጠዋት ሽንት ቤቱ አይወርድም። በሚኒያፖሊስ ያለ ቤት ፍሳሹ በጥልቀት ስለተቀበረ ችግሩ ጎልቶ አይታይም። ቧንቧው ከወለል በታች በአየር ላይ በሚያልፍባቸው የሰሜን ቤቶች ግን የሚያፈሰውን የሳጥኑን ጎማ ከብርዱ በፊት መቀየር ሕግ ነው። እዚያ ፍሳሽ በትንሽ በትንሹ ሳይሆን ባንድ ጊዜ በብዛት መለቀቅ አለበት፤ ቧንቧው በደንብ ያዘነበለ፣ የተሸፈነ፣ ቢቻል በማሞቂያ ገመድ የታቀፈ ይሁን።

የአየር ማስወጫው ጉዳይ

ከሽንት ቤት የሚወጣው አየር እርጥብና ሞቅ ያለ ነው። ከጣሪያ በላይ ያለውን ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካ ውርጭ ይሠራል፣ ውርጩም ወደ ውስጥ እየወፈረ አፉን ይዘጋል። ከዚያ ጋዙ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሰዎች «ሽታው ከየት መጣ» እያሉ ወለል ያጥባሉ። ሰፊ ቱቦ፣ ከጣሪያ በላይ አጭር፣ እስከ ጫፉ የተሸፈነ። ጉድጓድ ሽንት ቤት ከሆነም ዝንብ የሚከለክለው ወንፊት በክረምት ይነሣ፤ ዝንብ የለም፣ ወንፊቱ ግን ውርጭ ይይዛል።

ሰውየውን መርሳት

መመሪያው ሽንት ቤት ከቤት ራቅ ይበል ይላል። ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ በሆነ ሌሊት፣ ሦስት ድርብ የለበሰ የአምስት ዓመት ልጅ ይዞ 30 ሜትር በበረዶ ላይ የሚሄድ ግን የለም። ሰው ቤት ውስጥ ባልዲ ያስቀምጣል። በአላስካ ስሙ «የማር ባልዲ» ነው፤ አሽሙር መሆኑ ነው። 19 ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ውስጡ ከረጢት፣ ላዩ መቀመጫ። ሲሞላ ተሸክሞ ወደ ማጠራቀሚያው መሄድ ነው፤ መንገድ ላይ የሚፈሰው ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የግዛቲቱ ባለሥልጣናት «ባልዲውን ሙዚየም እናስገባዋለን» ብለው ነበር፤ ዛሬም ያልገባባቸው መንደሮች አሉ።

ባልዲ እንደሌለ አስመስሎ ማቀድ ከንቱ ነው። የሚገጥም ክዳን፣ የማይፈስ መያዣ፣ ቅርብ የማራገፊያ ቦታ ማዘጋጀት ይሻላል። ከዚያ በተሻለ ሽንት ቤቱን ከቤቱ ጋር ማያያዝ ነው፣ መግቢያው ኮሪደር ላይ እንዲሆን። ያም ካልሆነ ቢያንስ መቀመጫውን! የአላስካ ሰዎች ለግድግዳ መሸፈኛ ከሚሸጠው ወፍራም ሰማያዊ ፎም ቆርጠው መቀመጫ ይሠራሉ። ፎም ከገላ ሙቀት አይሰርቅም፣ እንደተቀመጡበት የሞቀ ይመስላል። በጥቂት ብር የሚሠራ ነው፣ ያላሰበበት ዲዛይነር ግን በቀዝቃዛ ፕላስቲክ ላይ ሰው ያስቀምጣል።

ሽንት ቤት ቆጥሮ እጅን መርሳት

ደጅ የተሰቀለ የእጅ መታጠቢያ በጥቅምት ያበቃለታል። ውሃ ተሸክሞ የሚያመጣ ቤተሰብ ደግሞ ይቆጥባል፤ አንድ ሳፋ ውሃ ለሁሉም ይሆናል። በአላስካ አራት መንደሮች ቧንቧ ቤት ከገባ በኋላ የተደረገ ጥናት አንድ ሰው በቀን የሚጠቀመው ውሃ ከ6 ሊትር ገደማ ወደ 100 ሊትር መጠጋቱን አሳይቷል። የሆድ ሕመም በ38 በመቶ፣ የቆዳ በ20፣ የመተንፈሻ አካል በ16 በመቶ ቀንሷል። ሽንት ቤት ብቻ ተሠርቶ መታጠቢያው ደጅ ቢቀር የቆዳውና የሳንባው ሕመም ባለበት ይቀጥል ነበር።

በሐምሌ አይቶ መንደፍ

በቻይና ኢነር ሞንጎሊያ፣ ኤርዶስ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረ ፕሮጀክት ከ800 በላይ አባወራዎች በሚኖሩባቸው ፎቆች ሽንትና ሰገራ የሚለይ ደረቅ ሽንት ቤት ተገጥሞ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ውሃ ይቆጥባል፣ ማዳበሪያ ይሰጣል። የሽንት ቱቦ መደፈንና ሽታው ግን ነዋሪውን አሰለቸው፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በውሃ ሽንት ቤት ተተካ። ለዚህ ብርዱን ብቻ መክሰስ አይቻልም። ነገር ግን ቀጭን ቱቦ፣ በየቀኑ ክትትል የሚፈልግ ማራገቢያና ትዕግሥቱ ያለቀ ተከራይ በቁር አገር አንድ ላይ ሲገናኙ ማንም አያስታርቃቸውም።

ባለሙያዎች የሚጎበኙት በበጋ ነው፤ አውሮፕላኑ ይደርሳል፣ መሬቱ ይቆፈራል፣ ሁሉም ነገር ይፈሳል። ጥር ላይ ሄዶ አንድ ሳምንት ማደር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ሽንት ቤት መውጣት፣ ፓምፑን የሚጠብቀው ሰው ታሞ ሲቀር ማን እንደሚተካው መጠየቅ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የአላስካ መንደሮች መንገድ የላቸውም፤ ከባድ ዕቃ የሚገባው በበጋ በጀልባ ነው። የመጨረሻው ጀልባ ከሄደ በኋላ የፓምፑ የጎማ ቀለበት አለመምጣቱ ከታወቀ አውሮፕላን መለመን ነው፤ አየሩ ከከፋ ደግሞ ባልዲው ከጓዳ ይወጣል።