የወንዝን ተፋሰስ በኮምፒውተር እንዴት እንለያለን? ጉማራን ምሳሌ አድርገን

ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ በኩል ጣና ይገባል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ድልድዩ ላይ ቆሞ «ይህ ሁሉ ውኃ ከየትኛው መሬት ተሰበሰበ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ኪውጂአይኤስ በተባለው ነጻ ፕሮግራምና በነጻ መረጃ መልሱን ራሱ ማግኘት ይችላል።

ሃይድሮሼድስን የመሰሉ አስቀድመው የተዘጋጁ የወንዝና የተፋሰስ መረጃዎች አሉ። ለአጠቃላይ እይታ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ወሰናቸው እናንተ በመረጣችሁት ድልድይ ላይ አያበቃም። ስለዚህ ከከፍታ መረጃ እንነሣለን።

1. ኮፐርኒከስ የተባለውን የአውሮፓ የሳተላይት ፕሮግራም የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ አውርዱ፤ መሬቱን 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ የእያንዳንዱን ከፍታ ይሰጣል። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር የተለካው ኤስአርቲኤምም ይሠራል፤ እኔ ግን አዲሱን እመርጣለሁ። መረጃው የሚወርደው አንድ አንድ ዲግሪ እየተቆረሰ ነው። ድልድዩ በ37ኛው ዲግሪ ቁራጭ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ እርሱን ብቻ አውርጄ ሠራሁ። ያገኘሁት ተፋሰስ በምሥራቅ በኩል በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር፤ ከ38ኛው ዲግሪ ወዲያ ያሉት የጉና ምንጮች በሙሉ ቀርተዋል። ሰሜን 11 ላይ ያሉትን የምሥራቅ 37ና 38 ቁራጮች አንድ ላይ አዋሕዱ።

2. መረጃውን ከዲግሪ ወደ ሜትር፣ ማለትም ዩቲኤም ሰሜን ዞን 37 ወደሚባለው የካርታ መለኪያ ቀይሩ።

3. በኪውጂአይኤስ ውስጥ ግራስ በተባለው የመሣሪያዎች ስብስብ ሥር ያለውን «አር ዶት ዋተርሼድ» (r.watershed) አስኪዱ፤ የፍሰት አቅጣጫና የውኃ ክምችት ካርታዎችን ያወጣል። ብዙ መመሪያዎች አስቀድማችሁ በከፍታ መረጃው ላይ ያሉትን፣ ውኃ መውጫ የሌላቸውን ጉድጓዶች ሙሉ ይላሉ፤ ይህ መሣሪያ ግን ከጉድጓድ መውጫውን ራሱ ስለሚፈልግ አያስፈልገውም። ለጅረት መነሻ 1,111 ካሬ ስጡት፤ አንዱ ካሬ 900 ስኩዌር ሜትር ስለሆነ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ እያንዳንዱ ካሬ ስንት ካሬ ውኃውን እንደሚያፈስስ በሚያሳየው የውኃ ክምችት ካርታ ላይ ወንዛችሁ ኔጋቲቭ ቁጥር ካሳየ፣ ከካርታው ውጭ የሚመጣ ውኃ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እኔ ይህን ምልክት አይቼ ስላለፍኩት ሁለት ቀን ባክኖብኛል።

4. መውጫውን ነጥብ፣ ማለትም ተፋሰሱ የሚያበቃበትን የወንዙን ቦታ ምረጡ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። በጂፒኤስ የያዛችሁት የድልድይ ነጥብ ኮምፒውተሩ ካሰላው የወንዝ መስመር በአንድ ካሬ ብቻ ቢርቅ እንኳ፣ የምታገኙት የጉማራን ሳይሆን የአንዲት ማሳን ተፋሰስ ነው። በፎገራ ሜዳ ደግሞ መስመሩ ራሱ ከእውነተኛው ወንዝ ሊሸሽ ይችላል፤ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ መረጃውም የዳር ዛፎችን ከፍታ ጨምሮ ይይዛል። ነጥቡን ከድሮ የመሬት ካርታ ከወሰዳችሁት ተጨማሪ ችግር አለ። እነዚያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው፣ ዛሬ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሳይቀየር የገባ ነጥብ 200 ሜትር ያህል ይዛነፋል።

ስለዚህ የክምችቱን ካርታ ካሬዎቹ አንድ በአንድ እስኪታዩ ድረስ አቅርቡና ቁጥራቸውን አንብቡ። አንዱ ካሬ 15 ሲል ጎረቤቱ ከ1,300,000 በላይ ይላል፤ ወንዙ ያ ነው። ከድልድዩ ትንሽ ወደ ላይ ያለውን እንዲህ ያለ ካሬ ያዙ። የገባር መገናኛን ግን አትሻገሩ፤ ወደ ታች ከተሻገራችሁ ሌላ ወንዝ ይጨመርላችኋል፣ ወደ ላይ ከሆነ ይቀነስባችኋል። ነጥቡን በራሳቸው ወደ ወንዝ የሚስቡ መሣሪያዎችም አሉ፤ ርቀቱ ሲሰፋ ወደ ጎረቤት ወንዝ ስለሚዘሉ አላምናቸውም።

5. በሦስተኛው እርምጃ የወጣውን የፍሰት አቅጣጫ ካርታና ነጥቡን ለ«አር ዶት ዋተር ዶት አውትሌት» (r.water.outlet) ስጡ፤ ውጤቱን ወደ ፖሊጎን ቀይሩና ስፋቱን አስሉ። ለጉማራ ከ1,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ከመጣ ወደ አራተኛው እርምጃ ተመለሱ።

6. ወሰኑን በሳተላይት ምስል ላይ ደርቡና ሸንተረሩን ተከትሎ መሄዱን እዩ። በጉና በኩል ጥርት ብሎ ይታያል። ወደ ሜዳው ሲቃረብ ግን የከፍታ መረጃው ስሕተት ብቻውን በሜትር የሚቆጠር ስለሆነ፣ ወሰኑን ይዛችሁ ወደ ስፍራው ሂዱና በክረምት ውኃው ወዴት እንደሚያዘነብል ማሳው ላይ ያሉትን ገበሬዎች ጠይቁ።