እንግሊዝኛ ውስጥ «እሺ» ብዙ ዓይነት ነው፤ የትኛውን እንዳላችሁ እወቁ

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ቤት፣ አልፎ አልፎ ፍርድ ቤት። የኛ ሰው እሺ ማለት ይወዳል። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባለ ያደገ ሰው ምን ያድርግ? እንግሊዝኛ ግን ለእሺ የሚሆኑ ቃላት ሞልተውታል፤ እያንዳንዱም የሚያስገባው ዕዳ ለየብቻ ነው።

እኔ ቃላቱን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ጋ እምቢ ማለት የሚችለው ማነው? መልሱን ካገኛችሁ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ከ«አግሪ» እንጀምር። ይሄ የእኩዮች ቃል ነው፤ ሁለታችሁም እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ጣጣው ያለው ጭራው ላይ ነው። «አግሪ ዊዝ» ስትሉ ሐሳቡን ተጋራችሁ። «አግሪ ቱ» ስትሉ ነገሩን ለማድረግ ቃል ገባችሁ። «አግሪ ኦን» ሲሆን ደግሞ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ አንድ ነገር ቆርጣችኋል፦ ዋጋ፣ ቀን፣ ቦታ። አከራያችሁ «ግብሩም ኢንሹራንሱም ጨምሯል፣ ስለዚህ ኪራዩ 150 ዶላር ይጨምራል» ብሎ ጻፈላችሁ እንበል። «አይ አግሪ ዊዝ ዩ ዛት ኮስትስ አር አፕ» ብትሉ ኑሮ መወደዱን አመናችሁ፣ ድርድሩ ግን ገና ነው። «አይ አግሪ ቱ ዘ ኢንክሪስ» ካላችሁ አለቀ፣ ክፈሉ። በኢሜይል ከሆነ ደግሞ ተጽፎ ይቀመጥላችኋል።

በነገራችን ላይ «አይ አም አግሪ» አይባልም። «አይ አግሪ» ብቻ በቂ ነው። ወተት አልተስማማኝም ለማለትም ይኸው ቃል ያገለግላል፦ «ሚልክ ዳዝንት አግሪ ዊዝ ሚ»። ልክ እንደኛው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ኮንሰንት»፤ ፈቃድ መስጠት ማለት ነው። እዚህ እምቢ ማለት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሰውነቱ የናንተ ነው፣ መኪናውም የናንተ ነው፣ ሌላው ሰው ያለፈቃዳችሁ ሊነካው አይገባም። በፈረንጆቹ 1947 የኑረምበርግ ፍርድ ቤት የናዚ ሐኪሞችን ሲዳኝ ያስቀመጠው የመጀመሪያው ነጥብ በሰው ላይ ምርምር ለማድረግ የሰውየው በፈቃደኝነት የተሰጠ ኮንሰንት የግድ ነው የሚል ነበር። ኮንሰንት ለመባል ነገሩ ሊነገራችሁ፣ ሊገባችሁ፣ ሳትገደዱም ልትሉት ይገባል። ከሰጣችሁ በኋላም መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

ዝርዝሩን ቀይሬ አንድ ልንገራችሁ። አንዲት እናት የሐሞት ከረጢታቸው ሊወጣ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ያስረዳል፦ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ በትንሹ ጀምረን በሰፊው ልንከፍት እንችላለን። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሺ… እሺ ልጄ… እሺ» ይላሉ። መሀል ላይም ያችን አየር ወደ ውስጥ ስበን አዎ የምንላትን ያደርጋሉ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አወጣ። ሦስት ጊዜ «ኦኬይ» ሲባል ሰምቷላ። እኔም በደንባችን መሠረት «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ መጠየቅ ትፈልጋለች» አልኩና ዞር ብዬ «እማማ፣ እሺ ያሉት እየሰማሁህ ነው ለማለት ነው ወይስ ይደረግልኝ ለማለት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ እየሰማሁት ነው! ልጄ ሳትመጣ ምን ብዬ እፈርማለሁ?» አሉ። እስክሪብቶው ወደ ኪስ ተመለሰ። ልጅቷ መጣች፣ ጠየቀች፣ ከዚያ ተፈረመ።

ስለዚህ ሐኪም ቤት ውስጥ ሁለቱን ለዩ። እየሰማችሁ ከሆነ «አይ አም ሊስኒንግ» በሉ። ገብቷችሁ ገና ካልወሰናችሁ «አይ አንደርስታንድ፣ በት አይ ሃቭ ኖት ዲሳይድድ»። ስትወስኑ ብቻ «የስ፣ አይ ኮንሰንት»። ነርሷ ያችን የትንፋሽ አዎ ስትሰማ እንዳትደነግጥ አስቀድማችሁ ብትነግሯት ደስ ይላታል። ከፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ አፋችሁን ሞልታችሁ ጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ልጅ ካነሳን አይቀር፣ ኮንሰንት «አሰንት» የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። ልጅ በሕክምና ምርምር ሲሳተፍ ወላጅ ይፈቅዳል፣ ነገሩ የሚገባው ዕድሜ ላይ የደረሰ ልጅ ደግሞ አሰንት ይሰጣል። ሌላ ቦታ ብዙም አያጋጥማችሁም።

መንገድ ላይ ግን ኮንሰንት ከ«ኮምፕላይ» ጋር ይጋጠማል። ይሄን ታክሲና ኡበር የምትነዱ በደንብ ያዙልኝ። ኮምፕላይ እምቢ ማለት ለማይቻልበት ነው፤ ትእዛዝ መፈጸም። ፖሊስ መንጃ ፈቃድ አምጣ ካለ ታመጣላችሁ፣ ውረድ ካለ ትወርዳላችሁ። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቴክ ኤ ሉክ ኢን ዘ ትራንክ?» (የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ባይ ቅር ይልሃል?) ሲል ግን እየጠየቀ እንጂ እያዘዘ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 እንደወሰነው፣ ፖሊሱ እምቢ ማለት እንደምትችሉ የመንገር ግዴታ የለበትም። ቅር ይልሃል ወይ ነውና ጥያቄው፣ «ኖ» ካላችሁ ፈተሽ ማለታችሁ ነው። ግራ ሲያጋባችሁ «የስ»ም «ኖ»ም አትበሉ። ረጋ ብላችሁ፣ እጃችሁ እየታየ፣ «አይ ዊል ኮምፕላይ ዊዝ ዩር ኦርደርስ፣ በት አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች» በሉ፤ ትእዛዝህን እፈጽማለሁ፣ ፍተሻውን ግን አልፈቅድም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቢፈትሽ አትታገሉ፤ ክርክሩ የጠበቃ ነው። እኔም ጠበቃ አይደለሁም፣ ቃሉን ነው የምነግራችሁ።

ሰው በከንቱ የሚፈራው ደግሞ «አክኖውሌጅ» ነው። ይሄ እሺም አይደለም፤ ደርሶኛል ማለት ነው። በብዙ ስቴቶች የትራፊክ ቅጣት ወረቀት ላይ መፈረም ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ሥራ ቦታ ማስጠንቀቂያ ሲሰጣችሁም እንደዚያው፤ አልፈርምም ብሎ ከመጋጨት በፊት ከፊርማው በላይ ያለውን መስመር አንብቡ። «አክኖውሌጅ ሪሲት» ካለ መቀበላችሁን ነው የሚያሳየው። ልባችሁ ካልረጋ ከጎኑ «ሪሲቭድ፣ ዱ ኖት አግሪ» ብላችሁ በእጃችሁ ጨምሩበትና ፈርሙ፤ ኮፒም ጠይቁ። «አግሪ» የሚል መስመር ከሆነ ግን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት።

«አፕሩቭ»፣ ማለትም ማጽደቅ፣ የአለቃ ነው። ፈቃድ ጠያቂው እናንተ ከሆናችሁ አለቃችሁ አፕሩቭ ያደርጋል፣ እናንተ አለቃችሁን አፕሩቭ አታደርጉም። «ኦፍ» ሲጨመርበት ግን ወደ ስሜት ይሄዳል፦ «ማይ ማዘር ዳዝንት አፕሩቭ ኦፍ ሂም» ያለች ልጅ እናቷ ሰውየውን አልወደዱላትም። ፊርማ የለበትም፣ ግን የባሰ ነው።

«ኮንከር» የሐኪሞችና የዳኞች ቃል ነው፤ ለየብቻ አስበው አንድ መደምደሚያ ላይ ሲደርሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውስጥ አንድ ዳኛ በውሳኔው ተስማምቶ የራሱን ምክንያት ለብቻው ሲጽፍ ኮንከር አደረገ ይባላል። ጓደኛችሁ ፒዛ እንብላ ሲል «አይ ኮንከር» ብትሉት ይስቅባችኋል።

የወሬ እሺዎችም አሉ። «ሳውንድስ ጉድ» ቀለል ያለ የልብ እሺ ነው። «ፌር ኢነፍ» ምክንያትህ ያስኬዳል ማለት ነው፣ ባልወደውም እንኳ። «ፋይን» በድምፁ ይለያል፤ አጠር ብሎ ከተቆረጠ ተኮርፏል። ብዙ ሰው የሚሸወደው በ«አይ ሂር ዩ» ነው። ደሞዝ ጭማሪ ጠይቃችሁ አለቃችሁ «አይ ሂር ዩ» ካለ፣ ሰምቶ እዚያው ተወው ማለት ነው። ያኔ «ሶ፣ ዱ ዩ አግሪ ቱ ኢት?» ብላችሁ ጨምሩና ዝም በሉ። እሱ ይናገር።