በሁለት ዌብካም ርቀት መለካት

አውራ ጣታችሁን ፊታችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጣቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ባቀረባችሁት ቁጥር ዝላዩ ይብሳል። ርቀት የምናሰላው ከዚህ ዝላይ ነው። ዲስፓሪቲ ይባላል፤ የሚለካው በፒክስል ነው።

እኔ አንድ ዓይነት ሁለት ዌብካም 12 ሳንቲሜትር አራርቄ ጣውላ ላይ በብሎን አስሬያለሁ። በፕላስተር እንዳትሞክሩት። አንዱ ትንሽ ከዞረ ካሊብሬሽኑ (የካሜራዎቹን ሌንስና አቀማመጥ በፎቶ ለክቶ ማወቁ) ገደል ይገባል። አውቶፎከሱንም አጥፉት።

ለካሊብሬሽን የቼዝ ሰሌዳ ንድፍ አትማችሁ መስታወት ላይ ለጥፉ፤ ካርቶን ይጎብጣል። የአንዱን ካሬ ጎን በማስመሪያ ለኩ። ፕሪንተር አንዳንዴ ገጹን ያሳንሳል። 25 ሚሊሜትር ያላችሁት 24 ሆኖ ከወጣ ርቀቱ ሁሉ በ4 በመቶ ይሳሳታል። ከዚያ 25 ያህል ጥንድ ፎቶ አንሱ። ሰሌዳውን አዘንብሉት፣ ወደ ጥግ ውሰዱት፣ አቅርቡት፣ አርቁት። ያሰለቻል፤ ግን የሥራው ጥራት የሚወሰነው እዚህ ነው። ካሊብሬሽኑ የካሜራዎቹን መራራቅ ራሱ ያወጣዋል፤ የኔ 12 አካባቢ ካልመጣ ከመጀመሪያው እደግማለሁ። ምስሎቹ ከተስተካከሉ በኋላም አንድ ነጥብ በሁለቱም ላይ በአንድ አግድም መስመር ላይ መዋል አለበት። ካልዋለ አትቀጥሉ።

ማመሳሰሉን፣ ማለትም አንዱን ነጥብ በሁለቱም ምስሎች ላይ ፈልጎ ማግኘቱን፣ ኦፕንሲቪ በሚባለው የምስል ማቀነባበሪያ የኮድ ስብስብ ውስጥ ያለው ስቴሪዮ ኤስጂቢኤም ይሠራዋል። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በካሜራዎቹ መራራቅ ተባዝቶ ለዲስፓሪቲው ሲካፈል ርቀቱ ይወጣል። የኔ 800 ፒክስል ነው፤ በ0.12 ሜትር ሲባዛ 96። ዲስፓሪቲው 48 ከሆነ 2 ሜትር ማለት ነው።

መጀመሪያ ስሞክር ረከቦቱ ላይ ያለችውን ጀበና 12.5 ሳንቲሜትር ላይ ናት አለኝ። በሜትር ስለካት 2 ሜትር። ኮዱን ሳገላብጥ አደርኩ። ለካስ ፕሮግራሙ ዲስፓሪቲውን በ16 አባዝቶ ነው የሚሰጠው! ለ16 አካፍሉት።

የጀበናዋ ጥቁር ሆድ ግን ያኔም ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ልሙጥ ነገር ላይ ፕሮግራሙ የሚያመሳስለው ምልክት አያገኝም፤ ነጭ ግድግዳም እንደዚያው ነው። የመሶብ ስፌት ደግሞ ንድፉ ስለሚደጋገም ያምታታዋል። እዚህ ላይ ሦስተኛ ካሜራ በጣም ይረዳል፤ በሁለቱ የተምታታው በሦስተኛው ይለያል።

በኔ ካሜራዎች የ1 ፒክስል ስህተት 2 ሜትር ላይ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 8 ሜትር ላይ ከ60 ሳንቲሜትር ያልፋል። ሩቅ መለካት ከፈለጋችሁ ካሜራዎቹን አራርቁ፤ ከዚያ ካሊብሬሽኑን እንደገና ሥሩ።